የዘሃራ አረንጓዴ ገንዳዎች

ዘሃራ ማረፏን የነገረችኝ የእህቷ ልጅ ናት። አዋሽ ሰባት፣ ቤቴ በር ላይ ተቀምጬ ምስር ስለቅም ስልኬ ጮኸ። «እትዬ ጥሩወርቅ፣ አክስቴ ወደ አኼራ ሄደች» አለችኝ። የሙስሊም ቀብር ቀጠሮ አይሰጥም። በማግስቱ አውቶቡስ ተሳፍሬ ሰመራ ስደርስ ዘሃራ ከተቀበረች አድራ ነበር። ለተዝያ፣ ለሐዘን መቀበያ፣ በተጣለው ድንኳን ከሴቶቹ መሃል ገብቼ ተቀመጥሁ።

«ደግ ነበረች» ይላሉ። «ሶላቷን የማታጓድል፣ ጎረቤት የማታስከፋ።» ሁሉም እውነት ነው፤ ግን ይህን ለማንም ደግ ሴት ይሉታል። እንዲህ እያብሰለሰልሁ ሳለ አጠገቤ የተቀመጠች አንዲት የተማረች ወጣት ለጓደኛዋ ስታወራ ሰማሁ። በውጭ አገር የከተማ ፍሳሽን በአልጌ ማጣራት ተጀምሯል፤ እኛ አገር ይህ ዘዴ መቼ ይደርስ ይሆን ትላለች። ለቅሶ ቤት ባይሆን ኖሮ ከት ብዬ እስቅ ነበር። ልጄ፣ ደርሶ ነበር እኮ! ያደረሰችውን ሴት ነው ትናንት የቀበራችኋት።

ያን ጊዜ ሰመራ የሚባል ከተማ አልነበረም። ዛሬ ሕንጻ የተደረደረበት ሜዳ ጠጠርና ነፋስ ብቻ ነበር፤ በመኪና ስናልፍበት አቧራውን ፈርተን መስኮት እንዘጋለን። እኛ የነበርነው ዱብቲ፣ ከጥጥ እርሻ ሠራተኞች መንደሮች በአንዱ ነው። ዘመኑ የደርግ ነው። እኔ ከደብረ ብርሃን ተመድቤ ንብረት ክፍል እሠራ ነበር። ዘሃራ ደግሞ የደሴ ልጅ ናት፤ ሶቭየት ኅብረት ሄዳ ስለ ፍሳሽ ውሃ ተምራ መጣች። ሰዉ ይህን ሲሰማ ሳቀ። «ያን ያህል አገር አቋርጣ ሽንት ቤት ተምራ መጣች» አሉ።

ከጭነት መኪናው ስትወርድ አይቻታለሁ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጸጉሯን በሻሽ የሸፈነች፣ ከቀሚሷ ሥር የወንድ ቦት ጫማ ያጠለቀች ሴት ናት። አንዱን ሻንጣ ሾፌሩ ወረወረው። ሁለተኛውን ግን ማንም እንዳይነካባት እንደ አራስ ልጅ አቅፋ አወረደችው፤ ማይክሮስኮፕ ነበር፣ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ። ቤቷን ላሳያት ቀርቤ እንኳን ደህና መጣሽ ስላት፣ «ፍሳሹ የሚሄደው በየት በኩል ነው?» አለችኝ።

እኔም አፌ አያርፍ፣ «እንግዳ ውሃ ይጠይቃል እንጂ ፍሳሽ ይጠይቃል?» አልኋት።

«ፍሳሹን ሳላይ የትኛው ውሃ እንደሚጠጣ በምን አውቃለሁ?» ብላ ሳቀች። ከዚያች ቀን ጀምሮ ወዳጄ ሆነች።

አንድ አመል ነበራት። የትም ብትሄድ፣ ሻይ ቤትም ይሁን የሰው ቤት፣ የተሰጣትን ብርጭቆ ወደ ፀሐይ ታነሳና አንድ ዓይኗን ጨፍና ታየዋለች። ባለ ሻይ ቤቱ፣ የወሎ ሰው ነው፣ ይናደድባት ነበር። «አንቺ ልጅ፣ ውሃዬን ደንበኛ ፊት አታሳጪው!» ይላታል። እሷም አይታ ስትጨርስ «አላህ ይባርክ፣ ይጠጣል» ትለዋለች። እሱ ይህን እስኪሰማ ከአጠገቧ አይሄድም፤ መኩራቱ ነው።

ስለ ሥራዋ የጠየቃት ሰው ካለ ደግሞ «የእኔ ሥራ ውሃ ማስራብ ነው» ትላለች። ነገሩን ያስረዳችኝ ወደ ኩሬው ወስዳኝ ነው። እርሻው የወንዙን ዳር ስለያዘው፣ በአካባቢው የነበሩት የአፋር አርብቶ አደሮች ከብታቸውን የሚያጠጡት ከመንደራችን በታች ካለ ኩሬ ነበር። የመንደሩ ፍሳሽ በቦይ የሚወርደውም እዚያው ነው። ኩሬው ላይ ቀለም የተደፋበት የሚመስል አረንጓዴ ሰፈፍ ተኝቷል፤ ይሸታል። ከዚያ የጠጡ ከብቶች ሞተዋል። ሰዎቹ ኩሬውን ትተው ከብታቸውን አዞ ወዳለበት የወንዙ ዳር፣ የግማሽ ቀን መንገድ ይነዱ ነበር።

«አየሽ ጥሩዬ» አለችኝ፣ «ከእኛ የሚወርደው ውሃ ማዳበሪያ ነው። ሽንቱ፣ የሳሙናው እጣቢ፣ ሁሉም። ውሃው ጠግቧል፤ የጠገበ ደግሞ ያብዳል። ይሄ መርዘኛ ነገር የሚበቅለው ምግብ ስላገኘ ነው።»

«ታዲያ በምን ታጠፊዋለሽ?»

«በዘመዱ። አልጌ መብቀሉ አይቀርም፤ የት ይብቀል ነው ጥያቄው። ደህናው ዓይነት እኛ ዘንድ ይብቀል፣ ማዳበሪያውን ጥርግ አድርጎ ይብላ፣ እኛም እንጨደው። ኩሬው ጋ የሚደርሰው ውሃ ርቦት ይድረስ።»

እንዲህ ብላ ተነሳች። ከግንባታ በተረፈ ሲሚንቶ ረጃጅም ገንዳዎች አሠራች፤ ጥልቀታቸው ከጉልበት አይበልጥም፣ ፀሐይ እስከ ታች እንዲገባ። ፍሳሹ መጀመሪያ በጉድጓድ ይረጋል፤ ከላይ የጠለለው ወደ ገንዳዎቹ ይገባል። የመንደሩ ሴቶች በተራ፣ በረጅም እንጨት ቀስ እያሉ ያማስሉታል። የዱብቲ ፀሐይ ለሰው ጠላት ናት፤ ለአልጌ ግን ከእሷ የተሻለ እናት የለም። ውሃው እንደ ጎመን አረንጓዴ ሲሆን ወደ ጥልቅ ጉድጓድ ይለቀቃል፤ አረንጓዴው ይዘቅጣል፣ ከላይ የቀረው ውሃ ጠርቶ ወደ ኩሬው ይወርዳል። ዝቃጩን በአቡጄዲ እያጠለልን መሬት ላይ እናሰጣዋለን፤ ደርቆ ለችግኝ ጣቢያው ማዳበሪያ ይሆናል። ያን አቡጄዲ ከንብረት ክፍል ያወጣሁት እኔ ነኝ። እስከ ዛሬ እኮራበታለሁ።

ሴቶቹን በማይክሮስኮፑ አንድ በአንድ አሳየቻቸው። የሴቶች ማኅበሩ ሊቀመንበር ወይዘሮ በላይነሽ፣ መንደሩን በጠቅላላ በአንድ እጇ የምታንቀሳቅስ ሴት፣ ዓይኗን መስታወቱ ላይ ደቅና «በስመ አብ! ይሄ ሁሉ ሕዝብ!» ብላ ወደ ኋላ ዘለለች። ዘሃራ በስብሰባ ላይ ስለ እነዚሁ ስትናገር «እውነተኛ ላብ አደር እነሱ ናቸው፤ ፀሐይና ቆሻሻ ከሰጠናቸው ደመወዝ አይጠይቁም፣ ሥራ ቀርተውም አያውቁም» ስትል አዳራሹ ሳቀ። የፓርቲው ካድሬ ብቻ አልሳቀም። እሷ ግን ሁሉንም ሰው በእኩል ታስቅ ነበር፤ ማን ፊት ምን እንደሚባል የምትመዝንበት ሚዛን አልፈጠረባትም።

ውሃው መጥራት ከጀመረ ከወራት በኋላ የኩሬው ሰፈፍ ሳሳ፤ ቆይቶም ጠፋ። ያኔ ዘሃራ የአካባቢውን ሽማግሌ ሐጂ ሐመዱን ልታናግር ሄደች። አፋር ከአፋር መንገድ ላይ ሲገናኝ ዝም ብሎ አይተላለፍም። ቁጭ ብሎ ዳጉ ይለዋወጣል፤ ያየውን፣ የሰማውን፣ የት ዘነበ፣ የት ሣር አለ፣ ማን ታመመ። ዳጉ ላይ ውሸት የተናገረ ሰው ከሰው ተራ ይወጣል። ዘሃራ ከአንድ ግራር ሥር ቁጭ ብላ በደንቡ ዳጉ ተለዋወጠች፤ ከዚያ «ውሃው ድኗል» አለቻቸው። ሐጂ ሐመዱ ወዲያው አላመኑም። ጥቂት ፍየሎች ላኩ። ቀጥሎ ጥቂት ከብት። ሳይቸኩሉ፣ ወር በወር፣ ኩሬው እንደ ድሮው የከብት ድምፅ ይሰማበት ጀመር።

እንዲህ ባለበት ሰዓት ነው ሥራ አስኪያጃችን ከአዲስ አበባ ትልቅ ባለሥልጣን እንደሚመጣ የነገረን። እንግዳው ገንዳዎቹን አይቶ ወይ እንዲቀጥሉና በሌሎች መንደሮችም እንዲሠሩ ይፈቅዳል፣ ወይ በዶዘር ተደፍነው ቦታው ለጥጥ መጋዘን ይሆናል። ዘሃራ አንድ ቃል ብቻ ጠየቀች፤ «ፓምፑስ?» ፍሳሹን ወደ ገንዳዎቹ እንዲገፋላት የጠየቀችው ፓምፕ በባቡር አዋሽ ደርሶ ነበር። እሷ ልታየው፣ እኔ ልፈርምበት ሁለታችንም ሄድን።

አዋሽ ጣቢያ ፓምፑን እስክናወጣ ቀናት አባከንን። ስንመለስ መኪናው መንደሩ መግቢያ ላይ ሲደርስ ቀይ ጨርቅ ላይ የተጻፈ መፈክር ተሰቅሎ አየን፤ ድንጋዮቹ ሁሉ ኖራ ተቀብተዋል። ዘሃራ ከመኪናው ወርዳ በቀጥታ ወደ ገንዳዎቹ ሄደች፤ እኔም ተከተልኋት። ገንዳዎቹ ነጭ ነበሩ። አንዲት ጠብታ አረንጓዴ የለም። ተፍቀዋል፣ በረኪና ፈሶባቸዋል፣ ኖራ ተቀብተዋል፤ ከፀሐዩ ጋር ዓይን ይወጋሉ።

ወይዘሮ በላይነሽ መጥረጊያዋን እንደያዘች እየሮጠች መጣች። ፊቷ በደስታ በርቷል። «እንኳን ደህና መጣሽ የኔ እመቤት! እንግዳ ሊመጣብሽ ነው ብለን፣ አንቺን እንዳያሳፍርሽ ዘመቻ ወጥተን አጸዳንልሽ! ማኅበሩ በሙሉ ነው የወጣው!»

ያቺ ሴት እኮ በማይክሮስኮፕ አይታቸው ነበር። ግን የጽዳት ዘመቻ ሲታወጅ ማን ያስባል? አረንጓዴ ውሃ ቆሻሻ ነው ተብሎ ያደገ ሰው እንግዳ ሲመጣበት እጁ ወደ መጥረጊያ ይሄዳል። ሁሉንም ያደረጉት በፍቅር ነው፤ ለዚህም ነው የሚያስለቅሰው።

ዘሃራ ገንዳው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች። ከዚያ መሳቅ ጀመረች፤ ሳቋ እንባ አመጣ፣ እንባዋን በሻሿ ጠረገች። ተነስታ በላይነሽን አቅፋ ሳመቻትና «እጃችሁ ይባረክ» አለቻት። «እንዲህ ማጽዳት የምታውቁ ከሆነ ማቆሸሹ አያቅታችሁም። ነገ ሁላችሁም ውጡልኝ፤ ተባብረን እናቆሽሸዋለን።»

በላይነሽ ያን ጊዜ ገባት። መጥረጊያዋን ጥላ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«እርሾ ነው የቸገረኝ» አለቻት ዘሃራ። «የቤትሽ እርሾ ሲደፋብሽ ምን ታደርጊያለሽ?»

«ከጎረቤት እበደራለሁ።»

«ከአረንጓዴው ውሃ ወስዶ ሎሚውን ያጠጣ፣ በቆርቆሮ ያስቀመጠ ጎረቤት የለሽም?»

ነበረ! በማግስቱ ሴቶቹ ሳፋ፣ ጀሪካን፣ ጆግ ተሸክመው መጡ። አንዷ ለሎሚዋ፣ ሌላዋ ለቃሪያዋ ብላ ደብቃ የወሰደችው አረንጓዴ ውሃ ነው፤ መውሰድ ክልክል ስለነበር እያፈሩ ነው የሚሰጧት። ዘሃራ እያንዳንዱን ወደ ፀሐይ አንስታ፣ አንድ ዓይኗን ጨፍና እያየች፣ ደህና የሆነውን በታጠበው ገንዳ ጥግ አስደፋችው። ኖራውን ያስፈቀፈቀችው በላይነሽን ራሷን ነው፤ እሷም ያለ ዕረፍት ፈቀፈቀች።

ሥራ አስኪያጁ ግን ሌላ ሐሳብ ይዞ መጣ። «ጓድ ዘሃራ፣ ገንዳዎቹን ንጹሕ የመስኖ ውሃ እንሙላባቸው። ለእንግዳው የጠራ ውሃ ይታያል። ፍሳሹ በድሮው ቦይ ይሂድ። እንግዳው እስኪሄድ ማንም፣ በተለይ ሽማግሌው፣ ምንም አይስማ።»

«ፍሳሹ በድሮው ቦይ መሄዱ አልቀረም፤ ገንዳው እስኪድን ሰዉን ሽንት ቤት አትሂድ አልለውም» አለችው። «ሐጂ ሐመዱ ግን ከብታቸውን እየላኩ ነው።»

«ጥቂት ቀን ነው።»

«እንግዳው ይሄዳል፣ ጓድ። ኩሬው አይሄድም።»

«ብትነግሪያቸው ወሬው እንግዳው ጆሮ ይደርሳል። ገንዳውም ይደፈናል፤ አንቺም ትጠየቂያለሽ።»

መጠየቅ ማለት በዚያ ዘመን ምን እንደሆነ የኖረበት ያውቀዋል። ዘሃራ ቦት ጫማዋን አጥብቃ አሰረችና በእኩለ ቀን ፀሐይ ወደ ግራሮቹ አቀናች። እኔም ብቻዋን ልለቃት አልቻልሁም።

ሐጂ ሐመዱ ከልጆቻቸው ጋር ተቀምጠው ነበር። ዳጉው በደንቡ ሄደ፤ ስለ ሰው ጤና፣ በጭፍራ በኩል ስለጣለው ዝናብ፣ ስለ አሳይታ ገበያ። ተራዋ ሲደርስ ዘሃራ ቀና ብላ፣ «ሐጂ፣ ገንዳዎቼ ሞተዋል» አለች። «እኔ ሳልኖር ነው፤ ጥፋቱ ግን የእኛ ነው። ፍሳሹ እንደ ድሮው ወደ ኩሬው እየወረደ ነው። ከብት አትላኩ። ሲድን እኔ ራሴ መጥቼ እነግርዎታለሁ።»

ሽማግሌው በዱላቸው መሬቱን ጫር ጫር አደረጉ። «ይህን ንገሪ ያለሽ ማነው?»

«ማንም። አትንገሪ ነው የተባልኩት።»

ሌላ አልጠየቁም። ልጃቸውን ዞር ብለው አንድ ነገር በአፋርኛ አሉት፤ ልጁ ተነስቶ ከብቶቹን ሊመልስ ሮጠ።

ባለሥልጣኑ የመጣ ዕለት ገንዳዎቹ ገና ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ ነበሩ፤ የተበረዘ ሻይ ቅጠል ነው የሚመስሉት። ሥራ አስኪያጁ «ሥራው በጥሩ ሁኔታ ላይ ይገኛል» ብሎ ንግግሩን ጀመረ። እንግዳው ለምስጋና ተጠርተው ከቆሙት ሰዎች መካከል ሐጂ ሐመዱን አያቸው። «አባት፣ ከብቶቻችሁ ከዚህ የሚወርደውን ውሃ ይጠጣሉ?» አላቸው።

«አይጠጡም» አሉ ሐጂ ሐመዱ።

«ለምን?» አለ እንግዳው።

«እሷ አታጠጡ አለች» አሉና በዱላቸው ወደ ዘሃራ አመለከቱ። «አጠጡ ስትል እናጠጣለን።»

እንግዳው ወደ ዘሃራ ዞረ። ሥራ አስኪያጁ ቀደማት። «ጓድ፣ ገንዳዎቹን እኛ ሳናውቅ ያበላሹ ሰዎች አሉ፤ ምናልባት አሻጥር...»

በላይነሽ ከሴቶቹ መሃል ወደ ኋላ ስታፈገፍግ አየኋት። በዚያ ዘመን አሻጥረኛ የተባለ ሰው ከቤቱ ሲወጣ መመለሱን አያውቅም።

«አሻጥር የለም» አለች ዘሃራ፤ ሁላችንም እስክንሰማት ጮክ ብላ። «ሊያጸዱልኝ ብለው ነው። አረንጓዴው ለምን እንደሚጠቅም አሳየኋቸው እንጂ ለምን መነካት እንደሌለበት አላስረዳኋቸውም። ጥፋቱ የእኔ ነው። አሁን እየዳነ ያለውም በእነሱ ነው፤ እርሾውን ያመጡልኝ እነሱ ናቸው።»

ሰውዬው እሷን አየ፣ ገንዳውን አየ፣ ሽማግሌውን አየ። ረጅም ጊዜ ያየው ሽማግሌውን ነው። በመጨረሻ ለሥራ አስኪያጁ፣ «እኚህ አባት ከብታቸውን ከመለሱ ገንዳው ይቀጥላል። ካልመለሱ ይደፈናል። እስከዚያ ማንም እንዳይነካው» ብሎ መኪናው ውስጥ ገባ። የገንዳዎቹ ዕድል በአንድ ሰው እጅ ገባ፤ ያም ሰው ማንበብ የማያውቅ፣ ግን ሰው የሚያነብ ሽማግሌ ነበር።

ሳምንታት አለፉ። ገንዳዎቹ እንደ ጎመን አረንጓዴ ሆኑ፤ ሴቶቹ እያማሰሉ ያንጎራጉራሉ፤ ወደ ኩሬው የሚወርደው ውሃ ጠራ። እኔ «አሁንስ ንገሪያቸው» እላታለሁ፤ እሷ «ቆይ» ትለኛለች። ሥራ አስኪያጁም በየቀኑ «አልነገርሻቸውም?» ይላታል። ለእሱም «ይቆዩ» ነው መልሷ። በየጊዜው ኩሬው ዳር ወርዳ ውሃ ቀድታ በማይክሮስኮፑ ስታይ ትውላለች። አንድ ጥዋት ግን ራሷን ከመስታወቱ አንስታ «ጥሩዬ፣ እንሂድ» አለችኝ።

ግራሮቹ ሥር ዳጉው በደንቡ ሄደ። በመጨረሻ «ሐጂ፣ ውሃው ድኗል» አለች።

ሐጂ ሐመዱ ወዲያው ተነሱ። ልጆቻቸውን ጠርተው ከብቶቹ ወደ ኩሬው እንዲነዱ አዘዙ፤ እኛም አብረን ወረድን። ኩሬው ዳር ስንደርስ ሽማግሌው መንጋውን አስቆሙና ከመሃሉ አንዲት ቀይ ላም በገመድ ለይተው አወጡ። ያቺን ላም ሁላችንም እናውቃታለን። የልጅ ልጆቻቸው የሚያድጉት በእሷ ወተት ነው፤ ሊገዟት የመጡ ሰዎችን ሁሉ አሳፍረው የመለሱባት ላም ናት።

ዘሃራ ደነገጠች። ወደፊት ሄዳ ገመዱን ያዘች። «ሐጂ፣ እባክዎ። በዚያኛው በሬ ይሞክሩት መጀመሪያ። ያለፈው ጊዜ እንኳ ፍየል ነበር ያስቀደሙት።»

ሽማግሌው ገመዱን ከእጇ ቀስ ብለው ወሰዱ።

«ያን ጊዜ አላውቅሽም ነበር፣ ልጄ» አሉ። «ዛሬ የሚሞከር ወሬ ነው ያመጣሽልኝ?»

ዘሃራ ከላሟ ፊት ዞር አለችላቸው። ሽማግሌው ላሟን ለቀቋት። ላሟ እስከ ጉልበቷ ገባች፣ አንገቷን ዘረጋች፣ ጠጣች።